ልጆቹ ዘምረው ከጨረሱ በኋላ

ውድ ሐመልማል፣

በዚህች ጠባብ ፖስት ካርድ ላይ አጣብቤ ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሌን ታገሺኝ። ዛሬ ጠዋት ዳባት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከመምህር ገዱ ጋር ነበርኩ። የአሁኑን ብሔራዊ መዝሙር ከጎንደር በካሴት አምጥተው እዚህ መጀመሪያ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ታሪኩን ሊያጫውቱኝ ነበር። ባንዲራው ሲሰቀል መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። እኛ ሰፈር እኮ ታክሲው ክላክሱን እየነፋ ነው የሚያልፈው! እዚህ መሣሪያ ይዘው በከተማው የሚዘዋወሩት ወጣቶችም ቆሙ።

ልጆቹ ጨረሱ። በዝምታው መሀል አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ መምህር ገዱ ዓይናቸውን ጨፍነው በልጅነታቸው የተማሩትን የንጉሡን ዘመን መዝሙር ይዘምራሉ። ክንዳቸውን ብጎትት አልሰሙኝም። አንዱ ባለመሣሪያ መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«መምህር፣» አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያሁኑን እኮ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ስሳሳት በአርጩሜ ይገርፉኝ ነበር።»

አልሳቀም። ክላሹን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ ሄደ። መምህር እጄን ጭምቅ አድርገው ይዘው «የትኛውን ነበር የዘመርኩት?» አሉኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እማማ ሸጊቱን ሳሚልኝ፤ ካርዱን ስታነቢላቸው፣ እንዳይሰጉብኝ መሀሉን ዝለይው።

ፀጋው