በራስጌዬ የተጸለየው ጸሎት

እኔ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ በሰፈሩ ሰው ዘንድ «እማማ ምድጃ» እየተባልኩ የምጠራው ባልቴት፣ ዛሬ ማክሰኞ ግንቦት ሦስት ቀን ከቀትር በፊት፣ በገዛ ክፍሌ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻ ቃሌን አስጽፋለሁ። ግራ እግሬ ይጎተታል፤ ግራ እጄ ሲያሻው ይታዘዘኛል፣ ሲያሻው ያኮርፈኛል። አእምሮዬ ግን ልጆቼ እንደሚመኙት አልደበዘዘም። ያስገደደኝም ሆነ ያባበለኝ የለም። ሁለቱ ልጆቼ ከፊቴ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ።

ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንዱ ጎረቤቴ አናጢው ነው፤ ከገባ ጀምሮ ቁመቴን በዓይኑ ሲለካ ስለያዝኩት፣ ትንሽ እንዲታገሥ ነግሬዋለሁ። ሁለተኛዋ ልጆቼን ሁሉ ያዋለደችኝ፣ አሁን ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ናት። እነዚህን ሁለቱን ከሆዴ ያወጣቻቸው እርሷ ስለሆነች፣ ምን እንዳወጣች ሰምታ ትፈርም ዘንድ ጠርቻታለሁ።

ልጅን ከውርስ መንቀል ምክንያቱን መግለጽ እንደሚጠይቅ ጸሐፊው መክሮኛል። ምክንያቱ ረጅም ነውና ቀለምህን አዘጋጅ ብዬዋለሁ።

ባለፈው ዓመት በክረምቱ መግቢያ፣ ዳቦ የማወጣበትን ረጅም እንጨት እንደያዝኩ ከምድጃው አፍ ፊት ወደቅሁ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ግድግዳው ይሞቃል ብለው አልጋዬን ከምድጃው ጀርባ ባለው በዚህ ክፍል አደረጉት። ዓይኔ ተከፍቶ ጣራ ያያል እንጂ አይዞርም። ምላሴ አፌ ውስጥ እንደ ሰው ጫማ ተጋድሟል። ሐኪሙ ዓይኔ ላይ መብራት አበራና፣ «ምንም አትሰማም፤ እንዲያው ጸልዩላት» ብሏቸው ሄደ። ተሳስቶ ነበር። የዱቄቱ ከረጢት ሲጎተት፣ ደንበኞች በሰልፍ ሲነታረኩ፣ ልጆቼም ከአምላካቸው ጋር ሲነጋገሩ ሁሉንም እሰማ ነበር።

ከሴቷ ልጄ እጀምራለሁ። አስተማሪ ናት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ብቅ ትላለች፤ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ከጭኗ ሳታወርድ፣ ከአልጋዬ በጣም በራቀው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እንዲህ ትላለች፤ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ሁሉን ታውቃለህ። ቤቴ ጠባብ ነው። የባሌንም ጠባይ ታውቀዋለህ። እባክህ እኔ ጋ እንዳትመጣ። ወንድሜ ይያዛት፤ እርሱም እንቢ ካለ አንተው ያዛት።» አሜን ስትል በእውነት ታለቅስ ነበር። በሕይወቷ ከልቧ የለመነችው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ይህን ሳስጽፍ ልጄ ፊቷ ቀላ። «ፈርቼ ነው እኮ እማዬ» አለች። አላልኩም አላለችምና ይህ ይመዝገብላት።

ልጄ ሆይ፣ ጸሎትሽ ተሰምቷል። እኔ አንቺ ጋ አልመጣም፤ ቁም ሣጥኔም፣ አልጋዬም፣ ቤቴም አይመጡብሽም። ቤትሽ ይበልጥ እንዳይጠብብሽ ከእኔ የምትወስጂው የወርቅ ጉትቻዬን ብቻ ነው። ቦታ አይይዝም።

ወደ በኩር ልጄ እመለሳለሁ። ሰው ሁሉ «ነጎድጓድ» ይለዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን መሪ ነው። እንደወደቅሁ ሰሞን ቡድኑን ይዞ እየመጣ አልጋዬን ከበው ይቆሙ ነበር። «እናታችንን አንሣ! ዛሬ! አሁን! በዚህች ደቂቃ!» እያለ እግዚአብሔርን እንደ ዳቦ ቤት ሠራተኛ ያጣድፈዋል። ድምፁ የመድኃኒቱን ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ ያስጨፍረዋል። አልዋሽም፣ ያን ጊዜ ልቤ አብሮት ብድግ ይል ነበር። እኔን ለማስነሣት ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮህ ልጅ ወለድኩ ብዬ ኮራሁ። በውስጤ አሜን እያልኩ ጣቴን ላንቀሳቅስ እታገል ነበር።

ቡድኑ ሲሄድ እርሱ ወደ ኋላ ይቀራል። በሩን ዘግቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጌታ ሆይ፣ በሰው ፊት ያልኩትን ተወው። አሁን እንደ አባትና ልጅ እንነጋገር። ደክማለች፤ ውሰዳት። የጋራዡ ባለቤት ግቢውን ለመግዛት ቸኩሏል። ሌላ ቦታ አግኝቶ ልቡ ሳይዞር አሳርፋት። አሜን።» ከዚያ የቡድኑ ሴቶች ለእኔ ያመጡትን የብርቱካን ጭማቂ ጭልጥ አድርጎ ጠጥቶ፣ አፉን በአንሶላዬ ጫፍ ጠርጎ ይወጣል።

እዚህ ላይ ነጎድጓድ ብድግ ብሎ፣ «እማዬ፣ ቅዠት ነው! ሕመሙ ነው እንዲህ ያሰማሽ!» አለ።

«ጭማቂውስ?» አልኩት።

ተቀመጠ።

ስለዚህ በኩር ልጄን ከውርሴ ነቅዬዋለሁ። እንድሞትለት ስለለመነ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ እናቱ አልሞት ስትለው የሚጨነቅ ልጅ እርሱ የመጀመሪያው አይደለም። የነቀልኩት መጀመሪያ በጩኸቱ ተስፋ ሰጥቶኝ፣ ከዚያ በሹክሹክታው ስለነጠቀኝ ነው። ለቡድኑ ብዬ የገዛሁት ድምፅ ማጉያ እጁ ላይ ይቅር። እግዚአብሔር በሹክሹክታም እንደሚሰማ ስለሚያውቅ፣ ማጉያው ለሰው ያገለግለዋል።

አሁን ከዋናው ነገር ደረስኩ።

ታናሹ ወንድ ልጄ ሞቷል። ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ቤት የነበረውን የተፎካካሪዬን ልጅ ካላገባሁ አለ፤ እኔ ደግሞ ካገባሃት ከደጄ እንዳትደርስ አልኩት። ሁለታችንም ያልነውን አደረግን። በአማቱ ምድጃ ሲሠራ ሳንባው ታመመና ሞተ። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም፤ እንባም አልወጣኝም። ሚስቱ ጥቁር ለብሳ፣ ሴት ልጇን አቅፋ ደጄ መጣችና፣ «የልጅ ልጅዎን እንኳ ይዩ» አለችኝ። «ዳቦ አልቋል» ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ይህን የማስጽፈው ይቅርታ ለመለመን አይደለም። ያለዚህ ቀጥሎ የሆነው ስለማይገባ ነው።

እኔ ስወድቅ የእርሷም አባት ሞቶ፣ ምድጃቸው ፈርሶ፣ የምትጠጋበት አጥታ ነበር። ነጎድጓድ ይህን ሰምቶ በዱቄቱ መጋዘን ከልጇ ጋር እንድታድር ፈቀደላት፤ በምትኩ እኔን እንድታጥብና እንድታገላብጥ ተስማሙ። የነጎድጓድ ሚስት ወገቧን ያማታል፤ የእህቱም ቤት ጠባብ ነው።

ምራቴ እጇ ለስላሳ አይደለም። እንደ ሊጥ ነበር የምትገለብጠኝ። ነገር ግን አንድም ቀን ገላዬ እንዲቆስል አልተወችም። ስትጸልይ አትንበረከክም፤ ዓይኗንም አትጨፍንም። ጨርቁን እየጨመቀች፣ እኔ የማየውን ጣራ ቀና ብላ እያየች እንዲህ ትላለች፤ «እግዚአብሔር፣ ይህችን ሴትዮ እንዳትወስዳት። እንዲህ በቀላሉ እንዳትገላግላት። አንሣት፤ በእግሯ አቁማት። ባሌ እናቴ መጣች ወይ እያለ፣ በሩን እያየ ነው የሞተው። እርሱን ሳታለቅስ አትሙት። ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለእርሱ ብለህ ስማኝ።»

በሩን እያየ መሞቱን አላውቅም ነበር። የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እርሷም የነገረችው ለእኔ አይደለም።

በየቀኑ ያችኑ ጸሎት ትጸልያለች። አንዲት ቃል አትጨምርም፤ አንዲት ቃል አትቀንስም። እኔም በውስጤ እሟገታት ነበር። «እንባዬን አታገኚም፤ ደርቄ እሞታለሁ እንጂ አላለቅስልሽም» እላታለሁ። ጆሮዬን እንዳልደፍን እጄ አይታዘዘኝም። እንዳልቆጣት ምላሴ የለም። ሰው ሆኜ ከተፈጠርኩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እንድሰማ የተገደድኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን እግሬን እያጠበች ሳለ ከግራ ዓይኔ እንባ ወረደ። ከመላ ሰውነቴ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው እርሱ ነው። አየችው፤ ጎንበስ ብላ ደህና አድርጋ አስተዋለችው። ከዚያ እግሬን ባጠበችበት ጨርቅ ጠረገችውና፣ «ገና ነው» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ እንባው አልቆም አለ። ሐኪሙ የዓይን ሕመም ነው ብሎ ጠብታ አዘዘልኝ። ከእንባው ቀጥሎ ጣቴ፣ ከጣቴ ቀጥሎ ምላሴ ተፈታ። አንደበቴ እንደተፈታ መጀመሪያ የጠየቅሁት ምራቴን ነው፤ «ሌላስ ምን አለ?» አልኳት። ስለማን እንደጠየቅሁ ገባት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የልጄን የመጨረሻ ቀን ከጠዋቱ ጀምራ ነገረችኝ። ሳሉን፣ ላቡን፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እንዴት ቀና ይል እንደነበር ነገረችኝ። ምንም አላሳጠረችልኝም። በመካከሉ ጉሮሮዬ ደርቆ ውሃ ብለምናት፣ «ስጨርስ» አለችኝ። ጨርሳ ነው የሰጠችኝ።

መራመድ ስጀምር ነጎድጓድ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ጉባኤው ፊት አቆመኝ። «የጸሎትን ኃይል ማየት የሚፈልግ እናቴን ይይ!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ምስክርነት እንድሰጥ ሲጋብዘኝ፣ «አዎን፣ ያስነሣኝ ጸሎት ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። የማን ጸሎት ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ልጆቼ ሆይ፣ እናታችሁ ምክር አትወድም፤ አሁን ግን አንዲት ነገር እላችኋለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጸልያለሁ። ሊጡ ሲነሣ እየጠበቅሁ፣ ሥራ እንዳልፈታ ያህል ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር። ጸሎት ሰውን አልጋ ላይ አስሮ እንደሚገርፍ፣ ከዚያም ክንዱን ይዞ እንደሚያነሣው አላውቅም ነበር። የእርሷ ለምን እንደተሰማ፣ የነጎድጓድ ለምን እንዳልተሰማ እኔ አልፈርድም። የማውቀው እናንተ ለራሳችሁ እንደለመናችሁ፣ እርሷ ግን ሊያመሰግናት ለማይችል ለሞተ ሰው እንደለመነች ነው።

ስለዚህ ዳቦ ቤቱን ከነምድጃው፣ መጋዘኑን፣ ግቢውንና ይህን ክፍል ለሟች ልጄ ሚስትና ለልጃቸው ተናዝዣለሁ። የምሰጣት ስለምወዳት አይደለም። አልወዳትም፤ እርሷም አትወደኝም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ተግባብተናል። ለጋራዡ ባለቤት እንዳትሸጥ። የአባቷንም ዳቦ ቤት ስም ደጄ ላይ እንዳትለጥፍ፤ የእርሱ ዳቦ ውጪው አሮ ውስጡ ጥሬ ነበር።

መቃብሬ ላይ ነጎድጓድ አይጸልይ። ቆሞ ይስማ።

እዚህ ላይ ምራቴ እንድትጠራ አዘዝኩ። ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደሆነ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጸሐፊው የተባለውን አነበበላት። ፊቷ አልተለወጠም።

«ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ምድጃው ጥገና ይፈልጋል» አለች።

«ስሚኝ። ጎኔን እየወጋኝ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል ይለኛል፤ እኔ ግን አልሞት ብያለሁ። የያዝሽኝ አንቺ ነሽ። አልቅሻለሁ፤ የለመንሽውን ሁሉ አግኝተሻል። አሁን ደግሞ ልቀቃት ብለሽ ለምኚልኝ።»

ነጎድጓድ ከመቀመጫው፣ «እማዬ፣ እኔ ልጸልይልሽ» አለ።

«አንተማ ቀድመህ ጀምረሃል» አልኩት።

ምራቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አልለምንም» አለች።

«እስካሁን አልበቃሽም?»

«በቅቶኛል። ግን የማልፈልገውን ነገር እግዚአብሔርን ለምኜ አላውቅም።»

«ወደድኩዎት ልትዪኝ ነው እንግዲህ!»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ» አለች። «ልጅቷ ለምዳዎታለች።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ፣ «ይህስ ይጻፍ እማማ?» አለኝ። ጻፈው አልኩት። ከዚህ በኋላ የምጨምረው ቃል የለኝም።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ፣ የእኔ ቃል መሆኑን አውቄ በቀኝ አውራ ጣቴ አትሜበታለሁ።

እኛ ምስክሮች ተናዛዧ በጤናማ አእምሮ፣ በራሷ አንደበት ስትናገር በጆሯችን ሰምተን፣ ስታትም በዓይናችን አይተን ፈርመናል።

አናጢው፣ ጎረቤት፤ ፊርማ።

አዋላጇ፣ ጡረተኛ፤ ፊርማ። ሦስቱንም ያዋለድኩት እኔ ነኝ፤ የሞተው ሲወለድ አልጮኸም ነበር።

የጸሐፊው ማስታወሻ፤ ወራሿ ዳቦው እንዳያርባት ብላ ፊርማው ሳያልቅ ወደ ምድጃው ተመልሳለች። ተናዛዧ ማኅተሟን ካኖረች በኋላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት የምትመጣበትን ሰዓት ጠይቃ፣ ወንበሯ ወደ መስኮቱ እንዲዞርላት አዝዛለች። ዞሮላታል።