ምድጃውን ለምን ከቤቱ ጀርባ እንዳደረግነው

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሙኒር መስዑድ፤
ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከርመሃል ወንድሜ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ይዞ የሚያሰቃይህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ከእሳቱ ፊት ቆመህ ስትውል ይነሣብሃል? ሙቀቱ እንደ ጀመራችሁ ሰምተናል፤ እንቅልፍ ታገኛለህ? አብረውህ የሚኖሩት ልጆች ደኅና ናቸው? እኛ አላህ ይመስገን በሕይወት አለን። አባባም አሉ፣ እማም አለች፣ እኔም አለሁ። «ደኅና ነን» ብዬ ከመጻፌ በፊት ግን ልነግርህ የሚገባ ነገር ስላለ ቃሉን ለጊዜው አቆየሁት።

በስልክ ያልነገርሁህ፣ ስትደውል እማ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። እሷ አውርታ ስትጨርስ እንኳ ጆሮዋ እኔ ዘንድ ነው። ስለዚህ እዚያ የምትሠራው ኪዲ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ስትመለስ ይህን ወረቀት በእጅህ እንድታደርስልኝ ለመንኋት። ከሥራ ስትወጣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነገሩ የመጣው በዚያ በምድጃህ ነው። «ለዐረፋ ጠቅልዬ ገብቼ ፒዛ ቤት እከፍታለሁ፤ እስከዚያ ጥሩ የፒዛ ምድጃ መርጠሽ አትክልቱ ቦታ አስቀምጪልኝ፤ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ ይሁን፤ እንግዳ እየበላ የጣናን ውሃ ያያል» ብለህ ፎቶውን ስትልክልኝ እማ ስልኬን ይዛው ዋለች። ጎረቤት በመጣ ቁጥር «የሙኒር ምድጃ ይሄ ነው» እያለች ታሳያለች። ፒዛ የሚባለውን ቀምሳ አታውቅም፤ ስለ ምድጃው ግን ከሁላችን ይልቅ አዋቂ ሆነች።

እኔም ነገሩን አቅልዬ አላየሁትም። ዳቦ ቤት እየገባሁ ምድጃቸውን አየሁ፣ ጠየቅሁ። አንዱ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል። ሌላው እስኪግል ያስጠብቃል እንጂ አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ይዞ ይውላል። በጋዝ የሚሠራም አለ፤ አንተ ግን «የእንጨት እሳት ያልነካው ፒዛ ፒዛ አይደለም» ስላልህ ወደሱ አልዞርሁም። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ የወጥ ቤት ዕቃ እያመጣ የሚሸጠው ፍሬ ስብሐት ቁርጥ የፎቶህን የመሰለ አሳየኝ። የሚያብረቀርቅ ብረት፣ እግሩ ጎማ ያለው፣ ጭስ ማውጫው አጠር ያለ። «ላሜራው ወፍራም ነው፣ ዝገት አያውቀውም። ወስዳችሁ ሞክሩት፤ ካልተስማማችሁ መልሱልኝ» አለኝ። በጋሪ አስጭኜ አመጣሁት።

ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያየው ቦታ አባባ ታንኳ የሚሠሩበት ብቻ ነው። ታንኳውን የሚሠሩበትን የደንገል ክምራቸውን አንሥተው ወደ አጥሩ አስጠጉልኝ። እኔም ዝም ማለታቸውን እንደ እሺታ ቆጠርሁት።

እሳቱን ያያያዝሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ጧት ቢሆን ነፋሱ ከየብሱ ወደ ባሕሩ ስለሚነፍስ ጭሱን ይዞት ይሄድ ነበር። ከሰዓት ግን እንደምታውቀው ፊቱን አዙሮ ከባሕሩ ወደ ቤት ይመጣል። ልቤ ምድጃው ላይ ስለነበር ስለ ነፋሱ አላሰብሁም። እንጨቱም በደንብ አልደረቀም። ጭሱ ከዚያ ከአጭሩ ማውጫ ይወጣና ከፍ ሳይል ተጠማዝዞ በመስኮቱ በኩል እማ ክፍል ይገባል። እሷ የዐስር ሶላት ልትሰግድ ገብታ ነበር። አስሟን ታውቀዋለህ። «እማ፣ መስኮቱን ዝጊው!» ብዬ ጮህሁ። «ምንም አላለኝም፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። እኔም አምኛት ወደ ሊጡ ተመለስሁ። ስታስል ሰማሁ፤ ቆይቶ ሳሉ ተወ። ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። ሙኒር፣ ሳሉ የተወው ለማሳል የሚሆን ትንፋሽ ስላጣች ነበር።

ያገኟት አባባ ናቸው። «ሐፍሳ!» ብለው እኔን ሲጠሩ ድምፃቸውን አላወቅሁትም። ስገባ ከመስገጃዋ ላይ በጎኗ ወድቃ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ የአንገቷ ሥር ሁሉ ተገትሮ ነበር። የምትስበውን መድኃኒት አፏ ላይ ይዤ ተጫንሁት፤ የምትስብበት አቅም የላትም። ተሸክመናት ወጣን። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሰሞኑን ባጃጅ እንደልብ እንደማይገኝ ነግሬሃለሁ። ጎረቤታችን እመት ውዴ ነጠላቸውን ጥለው እየሮጡ መጡና መንገዱ መሐል እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። አሸዋ የጫነ አይሱዙ ሊገጫቸው ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ ሊቆጣ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ እማን አያትና በሩን ራሱ ከፈተልን። ጭኔ ላይ ነበረች። ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አሁንም ጠባሳው አለ። ከዚያ እጇ ቀስ እያለ ላላ። አባባ «ምንድን ነው? ምን ሆነች?» ይሉኛል።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ኦክስጅን አደረጉላት። አባባ ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ፤ ወንበር ቢያመጡላቸው አልቀመጥም አሉ። ሐኪሟ ብዙ ቆይታ ወጣችና «ተርፋለች። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭስ ዳግመኛ ከገባ ግን ይዛችኋት አትደርሱም» አለችን።

ትንፋሿ ሲመለስ ተቆጣኋት። «ለምን ዋሸሽኝ? ለምን አልጠራሽኝም?» አልኋት። ጭምብሉን ከአፏ ፈቀቅ አደረገችና፣ «ጭሱ አስቸገረኝ ብል ምድጃውን ትመልሱታላችሁ። ምድጃው ከሌለ ልጄ ምን ብሎ ይመጣል?» አለችኝ። አባባ አጠገቤ ነበሩ፤ ሰሙ። ተነሥተው ወጡ።

እማን ደግፌ ወደ ቤት ስገባ አባባ ምድጃውን አጋድመው፣ ጀልባ በሚያንሸራትቱበት ግንድ ላይ ጭነው ወደ ውሃው ሲገፉት አገኘኋቸው። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላህ ይወቅ። «አባባ፣ የሰው ንብረት ነው!» አልኋቸው። «የሰው ነፍስስ?» አሉኝ፣ ዞር ብለው ሳያዩኝ። ሮጬ ከምድጃውና ከውሃው መካከል ገባሁ። «ዞር በይ» አሉኝ። አልዞርሁም። ገፉት፤ ብረቱ ጉልበቴን መታኝ። «ይህን ባሕሩ ይብላው። ያም ልጅ የሚመጣው ለምድጃ ከሆነ እዚያው ይቅር! እናቱን ገድሎ ለሰው ዳቦ ሊጋግር ነው?» አሉ። ሙኒር፣ አባታችንን በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ፈርቻቸው አላውቅም። ቢገፉት እንደምወድቅ እያወቁ እጃቸው ብረቱ ላይ ነበር። እማ የቤቱን መቃን ይዛ «የሙኒር አባት፣ ተው በቃ» አለች፤ ድምፅዋ ገና አልጠራም ነበር። አባባ ያን ጊዜ እጃቸውን አነሡና ከግንዱ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁት።

ፍሬ ስብሐት መጥቶ ምድጃውን ወሰደ። ጎኑ መጫሩን አይቶ አጉረመረመ፤ ስለ ጭሱ ስነግረውም «ዕቃዬ ነውር የለበትም፣ ነውሩ ያስቀመጣችሁበት ቦታ ነው» አለ። የእማን ነገር ሲሰማ ግን ማጉረምረሙን ትቶ አስጫነው። ስለ ቦታው የተናገረው እውነት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ከበደ። አባባ የምድጃን ስም ማንም እንዳያነሣ ከለከሉ። እማ በበኩሏ ምግብ መተው ጀመረች፤ ጉርሻ ሳቀርብላት «ለሙኒር ምን ልትሉት ነው?» ትለኛለች። አንዱን ሳባብል ሌላው ይከፋዋል። ላንተ ጽፌ «ተወው፣ ምድጃው ቀርቷል» ልልህ ብዕር አንሥቼ ነበር። እንደማልችል ሳውቅ ወደ መራዊ ሄጄ ገድሉ የሚባል፣ ለዳቦ ቤቶች የሸክላ ምድጃ የሚሠራ ሰው ይዤ መጣሁ። ስለ ፒዛ አልጠየቅሁትም፤ የጠየቅሁት ስለ ጭስ ነው። «ጭስ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። ወዴት እንደሚሄድ ግን እኛ እንወስናለን» አለኝ። ግድግዳው እሳት በሚችል ጡብ ወፈር ብሎ ከተሠራ፣ ማውጫው ከጣራው በላይ ከወጣ፣ እንጨቱም ደረቅ ከሆነ የሚጨሰው ሲጀምር ብቻ ነው፤ ከጋለ በኋላ እሳቱ ጭሱን ራሱ ይበላዋል አለኝ። ቦታው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ፣ በመንገዱ በኩል፣ ነፋሱ ቤቱን አልፎ ከሄደ በኋላ የሚያገኘው ይሁን፣ የሚለኮሰውም ከሰዓት ብቻ ይሁን አለ። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፉ ነው፣ የሰው ቤት የለም። አውቃለሁ፣ ከዚያ ሆኖ ባሕሩ አይታይም። አንተ የፈለግኸው ደግሞ ባሕሩን ነበር። ስለዚህ ነገር ልጠይቅህ አልቻልሁም፤ ብጠይቅህም መልሱን አልለውጠውም ነበር።

አባባን ለማሳመን ብዙ ለፋሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ብቻቸውን ወደ ጀርባ ዞረው የደረቀ ደንገል በጣታቸው እየፈተፈቱ ወደ ላይ ሲበትኑ አየኋቸው። ብናኙ ወደ ባሕር ዛፉ ነጎደ። ተመልሰው ሲገቡ «እሠራዋለሁ ካልሽ ከዚያ ወዲህ እንዳታስጠጊው» አሉኝ። ከዚያ ውጭ ፈቃድ አልሰጡኝም፤ ለእኔ ግን በቃኝ።

ገድሉ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ሸክላው እንዳይሰነጠቅ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለስላሳ እሳት እያነደድን አደረቅነው። ደመና ባየሁ ቁጥር ሮጬ በላስቲክ እሸፍነዋለሁ። ትክክለኛው እሳት የሚነድበት ቀን ሲደርስ እማን «እመት ውዴ ቤት ቆዪ» አልኋት። እምቢ አለች። «ልጄ ሥራ ሲጀምር በየቀኑ ሰው ቤት ልትወስዱኝ ነው? እዚሁ እቀመጣለሁ፤ ካልቻልሁት ያኔ እወቁት» አለች። አባባ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡና መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ። መድኃኒቷ በሌላ እጃቸው ነበር። የእመት ውዴ ወንድም ባጃጁን ከበራችን አቁሞ ይጠብቃል።

ለኮስሁት። መጀመሪያ ጭሱ ጥቁር ሆኖ በምድጃው አፍ ወደኔ ወጣ። ውሃ የሞላ ባልዲ አጠገቤ ነበርና ላጠፋው አነሣሁት። ገድሉ «ቆዪ፣ ማውጫው ይሙቅ» ብሎ እጄን ያዘኝ። ቆየሁ። ቤቱ ውስጥ ጸጥ ብሏል፤ ያን ጸጥታ ደግሞ አላምነውም። «እማ!» አልሁ። መልስ የለም። «እማ!» ብዬ ባልዲውን ይዤ ስሮጥ አባባ በመስኮት ብቅ ብለው «ምን ያስጮኽሻል? ትተነፍሳለች» አሉ። ቀና ብዬ ሳይ ጭሱ ከማውጫው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ወደ ባሕር ዛፉ እየተሳበ ነበር። ቆይቶም ቀጠነ፤ ከዚያ ከማውጫው በላይ የሚርገበገብ ሙቀት ብቻ ቀረ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

አባባ ያመጡትን ቀረሶ ዓሣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር አድርጌ እንዳሳየኸኝ ጋገርሁት። ዳር ዳሩ አረረብኝ እንጂ መሐሉ ግሩም ነበር። እማ ቀምሳ «ይሄማ ዓሣ የተቀባ ዳቦ ነው» አለች፤ ጨረሰችው ግን። ከዚያ እጇን እየታጠበች፣ «አሁን ይመጣል?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁልህ ለዚህ ነው። ስትደውል «እስቲ መጀመሪያ ምድጃው ይለቅ» ትላለህ፤ ባለፈው ዓመትም «እስቲ ጣራው ይለቅ» ብለህ ነበር። እዚያ የያዘህ ሌላ ነገር ካለ አልፈርድብህም፤ አንተ ያለህበትን አንተ ታውቃለህ። እሷ ግን ያንተ መምጫ ምድጃው መስሏት ትንፋሿን ይዛ ልትሞትልህ ነበር። ከእንግዲህ ስትደውል ስለ ምድጃው አትጠይቃት። «እማ፣ ምድጃ ባይኖርም እመጣለሁ» በላት፤ እውነት ከሆነ። ካልሆነም አትዋሻት፤ ለእኔ ንገረኝና እንዴት እንደምነግራት እኔ እጨነቅበታለሁ። አባባ በቁጣ የተናገሩትንም እንዳትይዝባቸው። ይህን እንደምጽፍልህ ያውቃሉ፤ «ያልሁትን አትደብቂው፣ ግን ታንኳውን ለሁለት ሰው የሚሆን አድርጌ እየሠራሁ ነው በይው» ብለውኛል።

እመት ውዴ «ፈጣሪ በሰላም ያግባህ» ይሉሃል። ገድሉ ባያውቅህም ምድጃውን በውሃ እንዳታጥበው አደራ ብሎሃል። አብረውህ ያሉትን ልጆች ሁሉ በስማቸው እየጠራህ ሰላም በልልኝ። እኔ እህትህ ዓይንህን ለማየት ጓጉቻለሁ። እማ ከጎኔ ናት፤ ደብዳቤው ስለ ምድጃው ብቻ መስሏታል። «ሌላ ምን ልበልልሽ?» ስላት ትንሽ አስባ፣ «በሩ ሰፊ ነው፣ ይግባ በይልኝ» አለችኝ።

እህትህ ሐፍሳ መስዑድ
ባሕር ዳር፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.