የተሰረቀው ልብስ ክር

ማክሰኞ

ያረጋልን ልኩን ካላሳየሁት በንዴት ፈንድቼ እሞታለሁ።

አባባ ከገበያ ተመልሰው ዱላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «እስቲ ይህን እዪ። ያ የቡሬው ያረጋል የሠራው ነው አሉ። ገበያው ሁሉ እሱን ነው የሚያወራ» አሉኝ። አየሁት። የብሎግ ገጽ ነው። ቀጭኗ ቢጫ መስመር አለች። የግዕዝ ቁጥሩ አለ። ከላይ ጥግ ላይ የዕለቱ በዓል ስም አለ። ላህ ነው! የኔ ላህ!

ሌላ ሰው ይህን ማስታወሻ ቢያገኘው እንዳይደናገር ልጻፈው፤ ደግሞም ስጽፍ ንዴቴ ትንሽ ይበርዳል። ብሎግ ያለው ሰው ጽሑፉን ራሱ ይጽፋል። መልኩን፣ ቀለሙን፣ የፊደሉን አቀማመጥ ግን ሌላ ሰው ነው የሚሰፋለት። እኔ የብሎግ ልብስ ሰፊ ነኝ ማለት ነው። ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ለአማርኛ ብሎግ የሚሆን አንድ ልብስ ሰፋሁ፤ በከተማችን ዳር በሚያልፈው ወንዝ ስም ላህ አልኩት፤ ከዚያ ለሁሉም በነጻ ለቀቅሁት። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከገጹ ግርጌ «መልክ፦ ትዕግስት፣ ፍኖተ ሰላም» የምትለዋን መስመር ተዉልኝ፤ ከሥሯ ያሉትን የፊደሉን ሠሪና የዘመን መቁጠሪያውን ሠሪ ስምም አትንኩ። እነሱም እንደኔ በነጻ የሰጡ ሰዎች ናቸው። በቃ። ሌላ ምን አልኩ?

ወደ ግርጌ ወረድሁ። «መልክ፦ ያረጋል ኮምፒውተር ማሠልጠኛ፣ ቡሬ» ይላል። የነዚያ የሁለቱ ስም የለም። የኔም የለም።

«አባባ፣ ይህ የኔ ሥራ ነው» አልኳቸው።

«ያንቺ ከሆነ ስምሽ የታለ?» አሉኝ።

ስልኩን መለስሁላቸው። እሳቸው ቀጠሉ። «እንዲህ ያለ ሰው የሚያየው አንድ ነገር ብትሠሪ፣ እኔስ ባሕር ዳር አክስትሽ ሱቅ ልላክሽ እል ነበር?» አክስቴ ልብስ ቤት አላት፤ ወሩ ሲያልቅ ሄጄ ሻጭ ልሆን ተወስኗል። እንግዲህ ያ ሌባ ስሜን ብቻ አይደለም የወሰደብኝ። ቤቴን ጭምር ነው።

ቅዳሜ ቡሬ ላይ የወጣቶች ሥራ ትርኢት አለ። ያረጋል ላህን «የኔ ነው» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ሊያቀርበው ነው። አባባም ተጠርተዋል።

ረቡዕ

ያረጋል ጋ ደወልሁ። ኮምፒውተር አብረን ነው የተማርን፤ ድሮ የኔን መልመጃ ገልብጦ መምህሩ እሱን ያመሰገነበት ቀንም አለ። ምንም አልደነገጠም።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ በነጻ የለቀቅሽው? ነጻ ማለት ነጻ ነው» አለኝ።

«ነጻ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም» አልኩት።

ሳቀ። «ምናለ ብትረጋጊ! ስምሽን ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ትዕግስት ተብለሽ ቅንጣት ትዕግስት የለሽም» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ስሜን ያወጡት አባባ ናቸው። ይህችን ቃል አልረሳትም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልረሳትም!

ላደርገው የምችለው፦
ማሠልጠኛው በር ላይ ቆሜ መጮኽ። (ያበደች ነው የሚሉኝ።)
ለተማሪዎቹ አንድ በአንድ መንገር። (ማን ያምነኛል?)
ትርኢቱ ላይ ማይክራፎኑን መንጠቅ። (አባባ እዚያው መሬት ይገባሉ።)
አፈር ይብላ ብሎ መተው። (አይሆንም። አይሆንም።)

ከሰዓት በኋላ። አገኘሁ! አገኘሁ!

ስሜን ሲፍቅ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ነው የገለበጠው። ላህ ቀለሙንና ፊደሉን የሚያመጣው እኔ ካስቀመጥሁት አንድ ፋይል ነው፤ የሱ ቅጂም አሁን ድረስ ከዚያው ከኔ ፋይል ነው የሚቀዳ። እኔ እዚህ አንድ ቃል ብለውጥ እዚያ የሱ ገጽ ላይ ይለወጣል። ልብሱን ሰርቆ ለብሶታል፤ ክሩ ግን እኔ እጅ ነው። ሰነፍ! የሰረቀውን እንኳ አላነበበውም።

እራት በደንብ በላሁ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም ነበር።

ሐሙስ፣ ማርያም

ውርደት። የኔ ውርደት እንጂ የሱ አይደለም።

ጠዋት ሙከራ ብዬ ፋይሉ ውስጥ «ሌባ» የምትል ቃል ከተትሁ። በቀይ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን እንድትወጣ አድርጌ። የያረጋልን ገጽ ከፍቼ አየሁት፤ ሌባ ሌባ ሌባ ይላል። ብቻዬን እየሳቅሁ እናቴ ጋ በርበሬ ልቀነጥስ ወጣሁ።

ከዚያ ዲያቆን በላይ ደወለ። ዲያቆን በላይ የማንኩሳ ሰው ነው፤ ላህን ከሁሉ በፊት የተጠቀመበት እሱ ነው። ስሜን ሳይነካ ከግርጌው ትቶልኛል፤ የሚያገኘውን ሁሉ ስለኔ ይነግራል፤ ስህተት ሲያይም ይጽፍልኛል። ድሮ የዕለቱ በዓል ስም እኩለ ሌሊት ላይ እንዲለወጥ አድርጌው ነበር። «እህቴ፣ በቤተ ክርስቲያን ቀን የሚለወጠው ማታ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ» ብሎ ያረመኝ እሱ ነው። ደጋፊ ማለት ለኔ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

«እህቴ ትዕግስት» አለኝ፣ ድምፁ ተለውጧል፣ «ለቤተ ክርስቲያናችን ቆርቆሮ ያዋጡትን ምእመናን ስም በብሎጉ አውጥተን ነበር። አሁን ከያንዳንዳቸው ስም ጎን ሌባ ይላል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ስልካቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ቆመዋል።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! የኔን እውነተኛ ልብስ የለበሱትም ከዚያው ፋይል ነው የሚቀዱት። ንዴቴ ይህን አስረሳኝ። ሮጬ ገብቼ ቃሏን አጠፋሁ። ሊቀ መንበሩ ማይክራፎን የማያስፈልጋቸው ሰው ናቸው፤ በስልኩ ውስጥ ሲቆጡ ይሰማኛል። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ በስህተት ነው» እያልሁ ለመንኳቸው። ማርያምን ጠርተው ይቅር አሉኝ፤ በዓሏ ባይሆን ኖሮ እንጃ።

ዲያቆን በላይ ለብቻው ሲሆን ሁሉን ነገርሁት። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነውና ንግግሩ ቀጥ አይልም። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ያንቺ ጥፋት እርግማንሽን ራቁቱን መላክሽ ነው» አለኝ። «ራቁቱን የሄደ ሁሉንም ያሳፍራል። ሰም አልብሺውና ላኪው። ወርቁን የሚያገኘው ባለቤቱ ብቻ ይሆናል።»

ዓርብ

ሰም። ሰም። ሰም ምን ይሁን?

እናቴ አጠገብ ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ ዋልሁ፤ ዓይኔ ይቃጠላል፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል። የያረጋል ቃል እየተመላለሰ ይነዘንዘኛል። «ትዕግስት ተብለሽ ቅንጣት ትዕግስት የለሽም።» ያችን ቃል ስጠላት፣ ሳኝካት፣ ስተፋት፣ ድንገት በእጄ የያዝሁት በርበሬ ወደቀ።

ይህ ሥራ የትዕግስት ነው።

ለማያውቀው ምክር ነው። ሥራ ትዕግስት ይፈልጋል ይላል፤ ማን ይጠላዋል? ለሚያውቀው ደግሞ የባለቤቱ ስም ነው። የሰደበኝን ቃል በራሱ አፍ ላይ እመልሰዋለሁ።

ማንንም አይጎዳም። ማንኩሳ ላይ ቢወጣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምክር ይሆናል። ላህን የሚጠቀም አንድ የደምበጫ መምህር አለ፤ እሱ ብሎግ ላይ ቢወጣ መምህሩ ደስ ይለዋል። ቡሬ ላይ ሲወጣ ግን!

ቤት ኔትወርክ ስላልነበረ መናኸሪያው ድረስ ወርጄ ከአንድ የቆመ አውቶቡስ ጥላ ሥር ፋይሉን ለወጥሁት። ከርዕሱ በታች፣ በወርቅማ ቀለም፣ አነስ አድርጌ። ዲያቆን በላይ አይቶት አንድ ቃል ብቻ ጻፈልኝ፦ «ተቀኘሽ።»

ያረጋል አይቶ ቢያጠፋውስ? ገጹን ስከፍት ስዘጋ አመሸሁ። ግን አላጠፋውም። ወይ አላየውም፣ ወይ ወዶታል።

ቅዳሜ፣ ጊዮርጊስ

በርበሬ የጫነ ሚኒባስ ነበር የያዝነው። እስከ ቡሬ ሰው ሁሉ ሲያስነጥስ ሄድን። አባባ «ያረጋልን አይተሽ ተማሪ» ሲሉኝ ነበር። ጥርሴን ነክሼ «እሺ አባባ» አልኩ።

አዳራሹ ሙሉ ነው። ከፊት ሽማግሌዎችና ካህናት፣ ከኋላ እኛ። አባባን ከፊት አስቀመጧቸው። ያረጋል ሙሉ ልብስ ለብሷል። ላህን በትልቁ ግድግዳ ላይ ሲያበራው፣ ማፈር አይደለም፣ ኩራት ነው የተሰማኝ። ያምራል። የኔ ነገር ያምራል።

ቢጫዋን መስመር «የኔ ሐሳብ ናት» አለ። የግዕዙን ቁጥር «ብዙ የደከምሁበት ነው» አለ። የዕለቱ በዓል ማታ እንደሚለወጥ ሲናገር ካህናቱ ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ የዲያቆን በላይን እርማት እንኳ ወሰደው! ከዚያ ዓይኑ ወርቅማዋ መስመር ላይ አረፈች። ትንሽ ቆም አለ። አላወቃትም። ግን አለማወቁን መናገር አልፈለገም፤ ሰው እያየው ነው።

«እንግዲህ ከርዕሱ በታች እንደምታዩት» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ «ይህ ሥራ የትዕግስት ነው ብለን ጽፈናል።» ጭብጨባ ስላገኘ ደገመው። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ፦ «ይህ ሥራ የትዕግስት ነው!»

አባባ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። ጀርባቸው ቀጥ ሲል ከኋላ አየሁት። ዘወር ብለው ፈለጉኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ተነሡ።

«ልጄ፣ አንድ ጥያቄ አለችኝ» አሉት ረጋ ብለው። «ትዕግስት የማን ልጅ ናት?»

ከካህናቱ መካከል አንዱ ሳቁ። ቀጥሎ አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ መጣ፤ ያልገባው ሰው የገባውን እየጠየቀ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ያረጋል ግድግዳውን እንደገና አነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ያኔ ገባው። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

«የ… ትዕግስት የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። አብራኝ…» አለ።

«አብራህ?» አሉ አባባ፣ አሁንም በትህትና።

«እሷ ናት የሠራችው» አለ፤ ማይክራፎኑ ባይኖር አይሰማም ነበር።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ክርስቲያን እንዲህ አይልም፣ አውቃለሁ፣ በጊዮርጊስ ቀን ደግሞ። ግን ጠጣ።

ስንመለስ አባባ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ነው የሚያዩ። አንዳንዴ ብቻቸውን ፈገግ ይላሉ።

እሑድ

ጠዋት የያረጋልን ገጽ ከፈትሁ። ስሜ ተመልሷል። «መልክ፦ ትዕግስት፣ ፍኖተ ሰላም።» ደጋግሜ አየሁት።

የሁለቱ ግን አልተመለሰም። የፊደሉ ሠሪና የዘመን መቁጠሪያው ሠሪ አሁንም የሉም። ለካ ያፈረው ከኔ ብቻ ነው! ደሜ እንደገና ፈላ። እነሱ አዳራሽ ውስጥ የሚቆምላቸው አባት የላቸውም። ፋይሉን ከፈትሁ። ክሩ አሁንም እኔ እጅ ነው። የምጽፈውም አልጠፋኝም።

አባባ ከቅዳሴ ገቡ። ነጠላቸውን ሳያወርዱ «ለአክስትሽ ደውዬ ልጅቱ አትመጣም፣ እዚህ ሥራ አላት አልኳት» አሉኝ፤ እንደ ተራ ነገር። እጃቸውን ልስም ስነሣ ስልኬ ላይ ያለውን አዩ። ፊቴንም አዩ።

«ትናንት ወርቁን ሰማሁት» አሉኝ። «ሰሙንስ መቼ ነው የምታመጪው?»

ሳቁብኝና ወደ ውስጥ ገቡ።

ፋይሉን ዘጋሁት። ለያረጋል «የሁለቱንም ስም መልስ፤ ማታ አየዋለሁ» ብዬ ጻፍሁለት። አንብቦታል፤ አልመለሰም። ውርድ ከራሴ። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላለች። እስክትገባ እታገሳለሁ። ቀን የሚለወጠው ማታ ነው።