የምንዳዬ ጣሳ

ይድረስ ለልጄ ለሸዋንዳኝ፤ ጤናህ እንደ ጓሳ ሣር ለምልሞ ይቆየኝ። እኛ፣ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ ደህና ነን።

የሚካኤል ማኅበር ዘንድሮ እኛ ቤት ነበር። አባትህ ተነሥተው «ሁላችን የአንድ አዳም ልጆች ነን» ብለው አስተማሩ፤ ሰውም አሜን አለ። ወዲያው ማረሻችንን የሚሠራልን ቀጥቃጩ ምንዳዬ መጣ። አባትህ ለእሱ ብቻ ወደተለየው ጣሳ በዓይናቸው ጠቀሱኝ፤ እኔም ጠላውን በዚያው ቀዳሁለት። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጠጣ፣ መርቆን ሄደ።

የእጮኛህ የሐሴት አባት በምን እንደሚተዳደሩ አባትህ ይጠይቁኛል። «የከተማ ሰው ናቸው» እላለሁ፤ ስለ ወናፍና መዶሻቸው የነገርከኝ እኔው ጋ ነው።

ለፋሲካ ይዘሃት ስትመጣ እንዲሆን ከሞላሌ ገበያ አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች ገዝቻለሁ። ጣሳውን የዶሮዎች ውኃ ማጠጫ አደረግሁት።

መንገዱን ሚካኤል ይጥረግላችሁ፤ ደጃፉን እኔ እጠርጋለሁ።

እናትህ አያልነሽ