የመብራቱ ውል፣ አንቀጽ አራት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1990

የሕፃናት ማሞቂያው ደረሰ። ከዱባይ በርበራ በጀልባ፣ ከበርበራ ሐርጌሳ በጭነት መኪና። ሽንኩርት ተጭኖበት ነው የመጣው። አጠገቡ ሳይሆን በላዩ። ክዳኑ ግን አልተሰነጠቀም፣ አልሐምዱሊላህ። ነርሷ እፀገነት ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠበችው። "ጋሽ ዘይኑ፣ አሁንም ወጥ ወጥ ይሸታል" አለችኝ።

ሐጃ ኸድራ ዙሪያውን ዞሩ፣ ዳሰሱት። ከስደት ካምፕ ሲመለሱ በአንድ ድንኳን ነው ማዋለድ የጀመሩት። ዛሬ አሥር አልጋ ያለው ክሊኒክ አላቸው። ደስታቸው አያስታውቅም።

"መብራቱስ?" አሉ።

እውነት ነው። የሰፈሩን መብራት የሚሸጠው ዒዲል ነው፣ በራሱ ጄኔሬተር፣ ከመግሪብ እስከ እኩለ ሌሊት። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ግን ቀንም ይበርደዋል።

"የክሊኒኩ ገዢ አይደለህ? ግዛ" ብለውኝ ገቡ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዒዲል ዘንድ ሄድኩ። የሃያ አራት ሰዓት አገልግሎት እንፈልጋለን፣ ዋጋህን በፕሮፎርማ ስጠኝ አልኩት። እሱ የሚያስከፍለው በአምፖል ቁጥር ነው።

"ማሽኑ ስንት አምፖል ነው?"

"አምፖል የለውም። ማሞቂያ ነው።"

"አምፖል የሌለውን እንዴት አድርጌ ልቁጠርልህ?"

ጀርባው ላይ የተለጠፈውን የዋት ቁጥር አነበብኩለት። ሰማይ ሰማይ አየ። "ስድስት አምፖል ይሁን" አለ በመጨረሻ። ከምን ተነስቶ ስድስት እንዳለ አላውቅም። እሱም አያውቅም።

የሌሎች ሁለት ነጋዴዎችን ፕሮፎርማም እንደምፈልግ ነገርኩት። ደንብ ነው። ድሬዳዋ ፋብሪካ ግዢ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ያለ ሦስት ፕሮፎርማ ሚስማር አልገዛሁም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሦስቱ ፕሮፎርማ መጡ። ሦስቱም በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ሐምራዊ እስክሪብቶ።

"ዒዲል፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሦስት አልክ፣ ሦስት አመጣሁ። ሁለቱ የአጎቴ ልጆች ናቸው። መጻፍ ታከታቸው።"

"የእነሱ ሽቦ እዚህ ይደርሳል?"

"አይደርስም። አንተ ወረቀት ጠየቅከኝ እንጂ ሽቦ መቼ ጠየቅከኝ?"

ከዛሬ ጀምሮ ስሜ "ወረቀቱ" ሆኗል። ሻይ ቤቱም እንደዚያ ብሎ ጠራኝ። እዚህ አገር ቅጽል ስም ከወጣልህ እስከ መቃብር ነው... ምን ይደረግ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ውሉን ጻፍኩ። አራት ገጽ፣ አሥራ አንድ አንቀጽ፣ በእንግሊዝኛ። አንቀጽ አራትን ሁለት ቀን አሰብኩበት፦ መብራት ቢጠፋ አቅራቢው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመልሳል፤ ለዚህም ለክሊኒኩ ብቻ የሚሆን አንድ በርሜል ናፍጣ በመጠባበቂያ ያስቀምጣል።

ዒዲል ሳያነብ ፈረመ። ቆሞ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፎ። ማኅተሙን እንኳ ገልብጦ ነው የመታው።

ሐጃ ጠየቁኝ፦ "ስትፈራረሙ ማን ነበረ?"

"እኔና እሱ።"

"ሌላስ?"

"ማኅተም አለ፣ ሐጃ።"

ወደ ማዋለጃው ገቡ። ምን ቀረ? የተሟላ ውል ነው። ፋይል ከፈትኩለት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

መብራት ለአራት ሰዓት ጠፋ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቁጥር 1።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሦስት ሰዓት ተኩል። የጎረቤት ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ሲሰካ መስመሩ ተቋረጠ አሉ። ደብዳቤ ቁጥር 2።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

አምስት ሰዓት። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። ደብዳቤ ቁጥር 3ን ራሴ ወሰድኩለት። ቁጥር 1 እና 2 ጄኔሬተሩ ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰክተዋል፣ በሥርዓት፣ አንዱ በሌላው ላይ።

"አንብበሃቸዋል?"

"ቆንጆ እንግሊዝኛ ነው፣ ወረቀቱ። ለሚያነብ ሰው አሳየዋለሁ።"

እስካሁን ማሞቂያው ባዶ ስለሆነ ነው እንጂ... ይህንን ለማን ልንገር? ሐጃን ውሉ ይቋረጥ ብላቸው "ከዚያስ ከማን ትገዛለህ?" አሉኝ። መንገዳችን ላይ ያለው ሽቦ አንድ ነው። የራሳችንን ጄኔሬተር እንግዛ ብል የማሞቂያው ዕዳ ገና ተከፍሎ አላለቀም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዝናቡ አላቆመም። እንዲህ ያለ ዝናብ አይተን አናውቅም ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ደረቁ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩ ሥር ፍየል ይዞ ሲወርድ አየሁ።

ከ26 ጁን ሰፈር ዓሻ የምትባል ሴት መጥታ ወለደች። በሰባት ወር። ሴት ልጅ፣ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ከዚህ በፊት ሦስት ወልዳ ሦስቱም አልቆዩላትም። ማሞቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ገባበት።

ዓሻ በማሞቂያው መስኮት ስታያት ዋለች። "ዓሣ ይመስል በመስታወት ውስጥ" አለች፣ እየሳቀች ነው ያለችው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ልጅቷ ሃያ ግራም ጨመረች። እፀገነት ቀኑን ሙሉ ስትዘምር ዋለች።

የበርበራ መንገድ በጎርፍ ተቆርጧል ይባላል። ናፍጣ የሚመጣው በዚያ ነው። ዒዲልን የመጠባበቂያው በርሜል አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "አለ፣ አለ" አለ። ሁለት ጊዜ ሲል ደስ አላለኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሁሉንም በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የማሞቂያው ቴርሞሜትር 35 ነበር። ሦስት ተኩል ላይ 32። እፀገነት ልጅቷን አውጥታ እናቷ ደረት ላይ አደረገቻት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለለቻቸው፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጎንና በጎን። "ለጊዜው ይይዛታል፣ ጋሽ ዘይኑ። ግን እግሯ እየቀዘቀዘ ነው። ፍጠን" አለችኝ።

ውሉን ይዤ ሮጥኩ። ዒዲል ጄኔሬተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል።

"ናፍጣ አልቋል። መንገዱን ጎርፍ ወስዶታል። እኔ ምን ላድርግ?"

"ፈርመሃል። በሁለት ሰዓት ይመልሳል ይላል።"

"እሺ። ሁለት ሰዓት ቢያልፍስ ምን ይላል?"

"የወሩን ክፍያ ሩብ ትቀጣለህ።"

"ቅጣኝ።"

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከነቅጣቱ ትክክለኛ ውል ነው... ልጅቷን ግን አያሞቃትም።

"የመጠባበቂያው በርሜልስ?"

"የምን በርሜል?"

ያኔ ገባኝ። አስመስሎ አይደለም። አያውቀውም። በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ማንም ነግሮት አያውቅም፤ እኔም ጭምር። "አለ፣ አለ" ያለኝ ዝም እንድል ነበር።

ተመለስኩ። ሐጃ በር ላይ ቆመዋል። አልጮሁብኝም፣ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

"ውልህን ማን ሰምቶታል?" አሉ።

"ማንም።"

"ታዲያ በማን ፊት ያፍራል?"

ጎረቤት ልከው የዒዲልን አክስት ኪንን አስጠሩ። ኤዶ ኪን ይሏቸዋል፣ አክስቴ ኪን እንደ ማለት፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሰባ የሚሆናቸው፣ አጭር፣ ጃንጥላ የያዙ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ዓሻ ነው። የልጅቷን እግር በሁለት ጣት ያዝ አደረጉ። ከዚያ "ወረቀቱ የታለ?" አሉ። እኔን ይሁን ውሉን አላወቅኩም። ሁለታችንም ተከትለናቸው ሄድን።

ጄኔሬተሩ በር ላይ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ሰው ተሰበሰበ፣ ሥጋ ሻጩ፣ የሻይ ቤቱ ሰዎች፣ የሰርግ ድንኳን የሚተክሉ ወንዶች።

"አንብብለት። በሶማልኛ።"

እየተረጎምኩ አነበብኩ። ሶማልኛዬ የገበያ ነው፣ ሰዎቹ ቃል እያቀበሉኝ። አንቀጽ አራት ላይ ስደርስ ኤዶ ኪን ጃንጥላቸውን አነሱ።

"ድገመው።"

ደገምኩት። አንድ በርሜል፣ ለክሊኒኩ ብቻ።

"ዒዲል፣ ይህ ስምህ ነው?"

"ነው፣ ኤዶ።"

"እጅህ ነው?"

"ነው... አላነበብኩትም።"

"አሁን ሰምተሃል። እኛም ሰምተናል። ናፍጣ ከተማው ውስጥ የለም?"

ሥጋ ሻጩ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ከድንኳን ተካዮቹ አንዱ መሬት መሬት እያየ "ለዛሬው ሰርግ የተቀመጠ አንድ በርሜል አለ" አለ።

ሰርጉ የኤዶ ኪን የልጅ ልጅ ነው። ይህን የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"አምጡት" አሉ። "ሙሽራዋ በፋኖስም ታምራለች። በፋኖስ የማታምር ከሆነ ደግሞ ባሏ ቀስ ብሎ ቢያውቀው ይሻላል።"

ሰው ሳቀ። ዒዲል በርሜሉን ራሱ አንከባለለው። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት መጣ። አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እፀገነት እጇን ክዳኑ ላይ ጭና ስታለቅስ አገኘኋት። "ሞቃለች" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ደብዳቤ ቁጥር 4ን ለመጻፍ ቁጭ አልኩ። ቁጥር 4 ብዬ ቆምኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውል የጻፍኩት ለማን ነው? ለኦዲተር። ነገር ሲበላሽ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ እንዲያሳይ። ትናንትም ያሳይ ነበር። ልጅቷ ብትሞት ፋይሌ ንጹሕ ነው።

ዒዲል ማንም ሳይጠራው መጣ። ከትናንቱ ናፍጣ የተረፈበትን በርሜል ይዟል፣ በቀይ ቀለም የክሊኒኩን ስም ጽፎበት። የት ላስቀምጠው አለኝ። አክስቱ ቁልፉ ሐጃ ዘንድ ይሁን ብለዋል።

"ወረቀቱ፣ ለምን በሶማልኛ አልነገርከኝም?"

"ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ሰው የፈረመውን ምን ብሎ ይጠይቃል?"

ከልቡ ነው። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ። በማን ላይ እንደሆነ ግን እንደ ትናንቱ ግልጽ አይደለም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ልጅቷ ቅዳሜ ወጣች። ሁለት ኪሎ ከመቶ። ኪን ብለዋታል።

የውሃ ፓምፕ ገዛሁ፣ ከነጥገናው። ሻጩ ከአሕመድ ዳጋህ ሰፈር የመጣ ወጣት ነጋዴ ነው። ፕሮፎርማ አልጠየቅኩትም፣ እነማን ጋ ፓምፕ እንደተከለ ጠይቄ ሦስት ጉድጓድ ሄጄ አየሁ። ከዚያ "ለፊርማው እናትህንና አጎትህን ይዘህ ና" አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ይዟቸው መጣ ግን።

ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተዘረጋ። አሥራ አንድ ሰው። ውሉን በሶማልኛ ነው የጻፍኩት፣ ሐጃ ቃሉን እያረሙልኝ። አንቀጽ አራት፦ ፓምፑ ቢቆም በአንድ ቀን ይጠግናል። እናቱ አቋረጡኝ።

"ይሄ ልጅ ግማሹን ወር ቡርዖ ከተማ ነው። ያን ጊዜ ማን ይመጣል?"

"እናቴ፣ ተዪ እንጂ..."

"ወንድሙ ይምጣ። ጻፈው።"

ሰርዤ ጻፍኩት። አጎቱ ደግሞ መለዋወጫው ከዱባይ እስኪመጣ ሌላ ፓምፕ ያውሳቸው አሉ። ጻፍኩ። እፀገነት ከማዋለጃው ብቅ ብላ ሌሊት ከሆነስ አለች። ጻፍኩ። ሻጩ ራሱ ሞተሩን አሸዋ ከበላው የእኔ ጥፋት አይደለም፣ ማጣሪያውን እናንተ እጠቡ አለ። ልክ ነው፣ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሰው እያየ ፈረመ፣ እናቱ በአውራ ጣታቸው።

ሰባት ቦታ ተሰርዟል፣ ዳሩ ላይ በሁለት አቅጣጫ ተጽፎበታል፣ ሻይ ፈሶበታል። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ውል በሕይወቴ አላዘጋጀሁም። ፋይሉ ውስጥ ከላይ አደረግኩት።