የተክሌ ወገብና የምጽዋ መንገድ

ሐሙስ፣ ጥር 3

ገዛሁት! ሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ። ቲኬት ቆራጩ በመነጽሩ አናት አሻግሮ አየኝና «ልጆችስ?» አለኝ። «ልጆች የሉም» አልኩት። አራት ልጅ የወለድኩ ሴት፣ ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

እቁቡ የወጣልኝ ባለፈው እሁድ ነው። በርበሬ በረንዳ አብረውኝ ከሚሸጡት አንዷ «ቡፌ ግዢበት» ትላለች፣ ሌላዋ «የሚበጅሽ ወርቅ ነው» ትላለች። እኔን ያማረኝ ግን ባሕር ነው። ዘንድሮ ጥምቀት ዓርብ ይውላል፣ ቅዳሜ ሚካኤል ነው፣ ቀጥሎ እሁድ፤ መርካቶ እንደሆነ ዝግ ነው። በከተራው ጠዋት በአውሮፕላን አሥመራ፣ ከዚያ ቁልቁል ምጽዋ፣ እሁድ ወደ ቤት። ምጽዋን የማውቀው ልጄ ግድግዳ ላይ ከለጠፈው ካርታ ነው። ዳሩ ላይ ያለች ነጥብ ናት።

እዚህ ደብተር ላይ ካልዋሸሁ ግን የፈለግሁት ባሕሩን ብቻ አይደለም፤ ተክሌን ነው። ከተጋባን አሥራ ሁለት ዓመታችን። እሱ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ እኔ በርበሬ እሸጣለሁ። ማታ ስንገናኝ የምናወራው የአንዱን ልጅ ጆሮ፣ የሌላዋን ትምህርት፣ የሦስተኛውን ጫማ ነው። ይሄ ሁሉ ባይኖር የምንባባለው ነገር ይኖረን ይሆን? ይህን ሳላውቅ ማርጀት አልፈልግም።

ዓርብ፣ ጥር 4

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቲኬቱን ሲያይ ሳቁ ቆመ። ቆይቶ ቀስ ብሎ «እኔና አንቺ ብቻ?» አለኝና አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ይህን ፈገግታ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በሠርጋችን ሰሞን ነው።

እሱን የሚያስጨንቀው ሰው ነው። «ልጆቹን በትኖ ከሚስቱ ጋር ሊንሸራሸር ሄደ አይሉኝም?» ይላል። ይበሉ! ልጆቹን የሚይዙልን እናቱ ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። በሾፌር መልእክት እልክባታለሁ ብሏል። እሱ ይላክ፤ ሌላው የኔ ሥራ ነው።

ለእኔ ስስ ቀሚስ። (ምጽዋ በጥርም ይሞቃል አሉ።) ለእሱ ነጠላ ጫማ። የልጆቹ የጥምቀት ልብስ ቀድሞ ይሰፋ። በሶ። ሽሮ፣ ለአያታቸው እንዳያልቅባቸው። የትንሹ የሳል መድኃኒት።

ቀሚሱን ሳልከራከር ነው የምገዛው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!

ቅዳሜ፣ ጥር 5

ጉድ ነው የዛሬው። ከገበያ ስገባ የሰፈሩ ሴቶች ግቢዬ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። «እግዜር ይማርልሽ» አሉኝ። ልጆቹን በዓይኔ ፈለግሁ፤ አራቱም አሉ። ማንን ነው የሚምርልኝ? «ወገብ ክፉ ነው፤ ቶሎ ባሕር ውሰጂው» አለችኝ አንዷ።

ለካስ ተክሌ ለሾፌሩ ሌላ ነገር ነግሮታል። «እናቴን፣ ወገቤን ታምሜያለሁ፣ ሐኪም ባሕር ሂድ ብሎኛል፣ ነይና ልጆቹን ያዢልን በልልኝ» ብሎት ኖሯል። ሾፌሩም ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሶማሌ ተራ ሁሉ እየሰማ፣ «ወገብህን? እኔን!» ብሎ ጮኸ። በቃ፣ አለቀ። ጠያቂው ጎረፈ። የዕድሩ ዳኛ ሳይቀሩ መጡ። ብርቱካን መጣ፣ ስኳር መጣ፣ አጥሚት በድስት መጣ።

በሽተኛው ደግሞ ትንሹን ልጅ ትከሻው ላይ አስቀምጦ እየዘለለ በበሩ ገባ። ሰዎቹን ሲያይ ባለበት ደረቀ። ልጁን አወረደና ቀስ ብሎ ወገቡን ያዘ። እኔ ሳቄን ልደብቅ ጓዳ ገባሁ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሳቄም አብሮ ሄደ። «ከሚስቴ ጋር ልረፍ ማለት ከበሽታ ይብሳል?» አልኩት። «ማንን ይጎዳል? ሄደን እስክንመጣ ነው» አለኝ። እሺ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ።

እሁድ፣ ጥር 6

የእኛ ውሸት እያደር ከበደ። እናቱ እማማ ደስታ ከሰዓት በኋላ ደረሱ፤ በቆርቆሮ ሙሉ ጸበል ይዘው። እንደ ገቡ ልጃቸውን አጋድመው ወገቡን በቅቤ ያሹት ጀመር። እሱም ተጋደመላቸው! «እዚህ ጋ ነው?» ሲሉት «ትንሽ ወደ ታች» ይላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

እራት ላይ ነገሩን ቆረጡት። «ባሕር ይዤው የምሄድ እኔ ነኝ። አንቺ ልጆችሽን ያዢ። አባቱንም ያስታመምኩ እኔ ነኝ፤ በሽተኛ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ።» ተክሌን አየሁት። አፉን በአጥሚት ሞልቶ ዝም።

ዝም! እቁቡ የኔ፣ ቲኬቱ የኔ፣ አዲሱ ቀሚስ የኔ፣ መቀመጫው የእማማ። ሳህን ሳጥብ አንዱን ሰበርኩት። ሆን ብዬ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 7

እማማ ሱቅ እንዳይሄድ ከልክለውታል። በዚህ በጥር ብርድ በማለዳ ጸበሉን ሲያፈሱበት ጩኸቱ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ጎረቤቶቹም በአጥር ላይ «አይዞህ፣ ሊለቅህ ነው!» አሉት። ክፉ አልሁን እንጂ ደስ አለኝ።

እማማ ወደ ጓዳ ሲገቡ ያዝኩት። «ንገራቸው» አልኩት። «ከደብረ ብርሃን ድረስ አስመጥቼ፣ ዋሽቼሽ ነው እንዴት ልበላት?» አለኝ። ቀጥሎ ያለውን ግን አልረሳለትም። «ካልሆነ አሁን እሷ ትሂድ። እኛ ሌላ ጊዜ እንሄዳለን።»

ሌላ ጊዜ የሚባለውን አውቀዋለሁ። ሌላ ጊዜ ስንል ነው አራት ልጅ የወለድነው። ሌላ ጊዜ ስንል ነው ፀጉሩ ጆሮ ግንዱ ላይ የሸበተው። አሁን ካልሄድን መቼም አንሄድም፤ እንዲሁ ሱቅና ልጅ፣ ልጅና ሱቅ ስንል እናረጃለን።

በርበሬ በረንዳ ሄጄ ሳለቅስ ዋልኩ። ደግነቱ እዚያ የሚያለቅስ ሰው ማንም ምን ሆንሽ አይለውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 8

እኔው ነገርኳቸው!

ከእማማ ጋር ምስር እየለቀምን ነበር። «እማማ፣ ልጅዎ አልታመመም» አልኳቸው። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ እቁቡንም ቲኬቱንም ሐኪም የሚባል አለመኖሩንም ዘረገፍኩት።

«ታዲያ ባሕሩ ምን ሊያደርግለት ነው?» አሉኝ።

«ከእኔ ጋር ሊሆን ነው።»

«እዚህስ ከማን ጋር ነው ያለው?»

«እዚህማ ከጎማ፣ ከዕድርና ከአራት ልጅ ጋር ነው። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው፣ እማማ። ተራዬ አልደርስ አለኝ።» ይህን በማለቴም አላፈርኩም።

ሰፌዱን ወደ ጎን አድርገው ተነሡ። ጓዛቸውን አንሥተው ወደ አውቶቡሱ የሚሄዱ መሰለኝ። ከዚያ «ተክሌ!» ብለው ተጣሩ። መጣ፤ እንደ ልማዱ ወገቡን ይዞ። «ልቀቀው ወገብህን» አሉት።

እኔ የፈራሁት ስለ መንገዱ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሱን አላነሡትም። «ከሚስትህ ጋር መሄድህ ነውር አይደለም። ነውሩ ደህና ሰው ተጋድሞ እግዜር ይማርህ መባሉ ነው። በሽታ የሚጠራው እንዲህ ነው። ሰው ሥራውን ፈትቶ ጠይቆሃል። ነገ ሱቅ ለሱቅ ዙርና ለጠየቀህ ሁሉ እውነቱን ተናገር። ከተናገርክ ልጆቹን እይዝላችኋለሁ። ካልተናገርክ ግን እኔም ወደ ቤቴ፣ እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር።»

ተክሌ አመድ መሰለ። ይህን ከማድረግ እውነተኛ የወገብ ሕመም ይሻለው ነበር። ይሄድ እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ፣ ጥር 9

ድል! ድል! ድል!

ጠዋት ጫማውን ሲያስር አገኘሁት። «አብሬህ ልምጣ?» አልኩት። «ነይ፣ ብቻዬን ከሆንኩ እሸሻለሁ» አለኝ። ሄድን።

መጀመሪያ የገባነው የሱቅ ጎረቤቱ ሐጂ ኑሪ ዘንድ ነው። ብርድ ልብስ በጅምላ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ማን ተነሥ አለህ?» ብለው ወንበር አስመጡለት። ተክሌ ወንበሩን እያየ ላቡ ወረደ። «ሐጂ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ወገቤ...» ብሎ ቆመ። ዞሮ አየኝ። ምን እንደ ነካው አላውቅም፣ የተሸከመ ኩሊ ሳይቀር እስኪዞር ድረስ ድምፁን ከፍ አደረገና «አልታመምኩም!» አለ። «ከሚስቴ ጋር ባሕር ልሄድ ነው! ልጆቹ የሉም! እኔና እሷ ብቻ ነን! አፍሬ ነው የዋሸሁት!»

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ! ማዶ ያለው ነጋዴ «በል ብርቱካኔን መልስ!» አለው። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ደግሞ «አቦ፣ ይሄን በሽታ ለኔም ባል ይስጥልኝ!» ስትል ሴቱ ሁሉ አሜን አለ።

ሐጂ ብቻ አልሳቁም። «እኔ ሐጅ ስሄድ የተሻገርኩት በምጽዋ ነው» አሉ። «ባሕሩን ሳይ ባለቤቴን ነው ያስታወስኩት። ስመለስ፣ አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ አልኳት። ዛሬ ሱቅ፣ ነገ ልጅ ስል ሳላሳያት አላህ ወሰዳት።» ከዚያ የተክሌን ጀርባ መታ መታ አደረጉና «በል ሂድ። ደግ አድርገሃል» አሉት። እንባዬ መጣ። በርበሬው ነው እንዳልል በርበሬ በረንዳ አልነበርኩም።

ከዚያ በኋላ ተክሌን የሚይዘው ጠፋ። አንዱ ሱቅ ሲገባ ያጉተመትማል፣ በሚቀጥለው ይስቃል፣ ወደ መጨረሻው ገና ከደጅ «ሰምታችኋል አይደል?» ይላል። ሲኮራ ነበር! ስንመለስ እጄን ያዘኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሶማሌ ተራ መሐል!

እማማ «እህ?» ብለው ተቀበሉን። «ሁሉንም ነገረ» አልኳቸው። «እንግዲያው ሻንጣሽን ዝጊ» አሉኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 10

ይህን የምጽፈው ሊቶሪና በምትባለው ባቡር ላይ ነው። ከአሥመራ ተነሥታ ተራራውን እየተጠማዘዘች ቁልቁል ትወርዳለች፤ ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት መስሏል።

ጠዋት ትንሹ ቀሚሴን ይዞ አለቀሰ። ልመለስ ዳድቶኝ ነበር። እማማ ልጁን ከእጄ ነጥቀው «ዛሬ ታቦት ሲወርድ እናያለን፣ ነገ ጃን ሜዳ ነን፤ አንቺ ሂጂ!» አሉኝ። እኔ ገና ከበሩ ሳልርቅ እሱ ዝም ብሏል። ትንሽ ከፋኝ፣ እውነት ለመናገር።

አውሮፕላን ላይ ያወራነው ስለ ልጆቹ ነው። አሥመራ ደግሞ ስለ ኩሽኔታና ስለ ሌላው የመኪና ዕቃ ዋጋ አወራን። ከዚያ ወሬው አለቀ። አሁን እሱ በመስኮት ያያል፣ እኔ እጽፋለሁ። እናቱን ተጋፍጬ፣ እሱም ሶማሌ ተራን ተጋፍጦ፣ ያገኘነው ዝምታ ቢሆንስ? ፈራሁ።

ዓርብ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት። ምጽዋ

ጠዋት የቀሰቀሰን ማንም የለም። ፀሐይ አልጋችን ላይ አገኘን።

ባሕር እንዲህ ነው እንዴ? ካርታው ላይ እኮ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው። ተክሌ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ገባ፤ እኔም አዲሱን ቀሚስ እስከ ወገቤ አራስኩት። አገሩ ሁሉ በጥቂት ውኃ በሚረጭበት ቀን እኛ መላውን ባሕር ይዘነዋል።

ምሳ ላይ አስተናጋጁ ምን እንደምንበላ ጠየቀን። ተክሌ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ትወጃለሽ?» አለኝ። አሰብኩ። አላወቅሁትም! የልጆች ትራፊ ስበላ ኖሬ የምወደውን ረስቼዋለሁ። እሱም አያውቀውም። ያለውን የዓሣ ዓይነት ሁሉ አስመጣና እየቀመስኩ «ይሄን፣ አይ ያንን» እንድለው አደረገ። በምድጃ የተጠበሰውን ነው የምወደው። በርበሬያቸው ግን ደካማ ነው አልኩ።

በርበሬ ስል ሳቁ መጣ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እኔ እሸጥበት ወደ ነበረው የእናቴ መደብር እየተመላለሰ በርበሬ ይገዛ ነበር አለኝ፤ እኔን ለማየት! ወጥ መሥራት አይችል፣ ሁሉንም ለአከራዩ ይሰጥ ነበር። እኔ ሚስቱ ዛሬ ሰማሁ። እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት፤ እዚህ አልጽፈውም። ሂሳብ ከፍለን ወጣን፣ ወሬው ግን አላለቀም። በወደቡ ዳር እየሄድን አወራን፣ ተቀምጠን አወራን።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተክሌ ድንገት ክው አለና «ልጆቹ!» አለ። ጠዋት ከእንቅልፍ ከነቃን ጀምሮ የአንዳቸውንም ስም አላነሣንም። ደንግጠን ተያየን። ከዚያ ሳቃችን መጣ፤ መርከበኞቹ ዞረው እስኪያዩን ድረስ ሳቅን።