ካፒቴን ክንፉ እሺ ያሉበት ጠዋት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም ወሰንየለሽ፤

እንደምን ከርመሻል? የጉልበትሽ ሕመም ሻል አለሽ? እማዬስ እህል መቅመስ ጀመረች? ቤታችን ያለ አባባ እንዴት እንደሚውል ሳስበው ሆዴ ይባባል። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ያን ዕለት ጮኼብሽ ሳልሰናበትሽ አውቶቡስ ላይ መውጣቴ ግን ይቆጨኛል። በመንገዴ ምዕራብ ዓባያን አልፌ እንኳ ንዴቴ አልበረደም ነበር።

እንደምታውቂው፣ ያረጁትን ጄቶቻችንን የሚተካ አውሮፕላን እንድንመርጥ አምስት አብራሪዎች ባሕር ማዶ ተልከን ነበር። ሁለት ዓይነት ጄት እያበረርን አመዛዘንን። እኔ ነዳጅ የሚቆጥበውን፣ ሁሉ ነገር በስክሪን የሚታይበትን ወደድኩ። የቡድናችን መሪ ካፒቴን ክንፉ ግን አሻፈረኝ አሉ። በቀትር ፀሐይ፣ ከአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሙሉ ሰው ጭኖ በደንብ የሚነሳው ሌላኛው ነው ብለው ድርቅ አሉ። አንድ ሳምንት ተጨቃጨቅን።

ከዚያ አንድ ጠዋት ካፒቴን ክንፉ ስሜን ጠርተው «ገነነ ያለው ይሁን» አሉ። ሦስቱም ተከተሏቸው። እኔ ሞኙ በእውቀቴ የረታሁ መስሎኝ፣ ከደስታዬ ብዛት በዚያው ቀን ለአባባ ሲሸምን ክር የሚያይበት መነጽር ገዛሁ። ለካ አንቺ ሴቻ ከተማ ወርደሽ፣ ለካፒቴን ክንፉ ስልክ ደውለሽ፣ አባባ ማረፉን ነግረሻቸው ኖሯል። እያበረረ እንዳይሰማ፣ አገሩ ሲገባ መርዶውን በወጉ ይረዳ ብለሽ ለምነሻቸዋል። እሳቸውም አንጀታቸው ቢንሰፈሰፍ እሺ አሉኝ። በተመለስኩ ማግስት ማለዳ በሬን አንኳኩተው አረዱኝ። ቀያችን ኦቾሎ ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ለቀስተኛው ተበትኗል። አባባ ሲሸምን እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ እንኳ በአፈር ተሞልቶ ነበር። በአንቺ ላይ የጮኽኩት ያንን አይቼ ነው።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ከነከነኝ። ለእኔ በማዘን የተመረጠ አውሮፕላን ስንት ዓመት ሰው ሊጭን ነው? አባባ ቡልኮ ሲሸጥ፣ ገዢው ያላየውን የሳተ ክር ራሱ በጣቱ ያሳይ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እኔም የምርጫው ድምፅ አሰጣጥ ይደገም አልኩ። ካፒቴን ክንፉ መጀመሪያ አቀረቀሩ። ቀጥለው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይራሩ ሞገቱኝ። አራት ለአንድ ተሸነፍኩ፤ እውነትም ልክ ነበሩ። ሁሉም ሲያባብለኝ እምቢ ያለው እንባዬ ያን ጊዜ መጣ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለአባባ አለቀስኩ።

እታለም፣ ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ልጅሽን ኖላዊትን ሳሚልኝ። መነጽሩን ልኬዋለሁ፤ ለአጎታችን ለጋሽ ጉታ ከሰላምታዬ ጋር ስጪልኝ፤ ሽመናውን ያልተዉት እሳቸው ናቸውና። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፤ እሷ የታመመች እንደሆነ ባበርም ባላበርም ንገሪኝ። በአብራሪው ወንበር ላይ የሚተካኝ ሰው ሞልቷል፤ እሷ ራስጌ ግን የሚተካኝ የለም።

ወንድምሽ ገነነ ኦይታ
አዲስ አበባ፣ ግንቦት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.